የብርጓል ያለ ሟች አታለቅስም

የብርጓል ጥሩነህ ሥራዋን የምትጀምረው በጥያቄ ነው። ለቅሶ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ አታለቅስም፤ ከሟች ዘመዶች አንዷን ወደ ጓሮ ትጠራና ትጠይቃለች። ስሙ ማን ነው? የማን ልጅ ነው? ምን ይወድ ነበር? ምን ጀምሮ ሳይጨርስ ሞተ? ከማን ጋር ተኳርፎ ሳይታረቅ ቀረ? መልሱን ሰምታ ስታበቃ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጉሮሮዋን በአንድ ጉንጭ ውኃ አርጥባ ወደ ድንኳኑ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ደርቆ የተቀመጠ ሰው ካለ ወይ ጆሮው አይሰማም፣ ወይ ሟቹን የገደለው እሱ ነው ይባል ነበር።

እኩያዬ ናት። የተወለደችው ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው፤ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ተድራ ደብረ ማርቆስ ገባች። ባሏ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ለእሱም ያለቀሰችለት ራሷ ናት፤ «ሌላ አልቃሽ ብጠራ ታበላሽብኛለች ብዬ ነው» ትላለች። ልጅ አልወለደችም። ያላት አንድ ክፍል ቤት፣ እንዝርትና እድር ነው። ልጅ ላለው ሰው እድር አጋዥ ነው። ለየብርጓል ግን ድንኳን የሚተክል፣ አስከሬን የሚሸከም፣ ሦስት ቀን ቤቷን የሚሞላ ሌላ ማንም የለም። እድሯ ከሌለ ቀባሪ የላትም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ የእድሩ ሰዎችም ያውቃሉ።

ታዲያ ሥራዋን የነጠቃት ይኸው እድር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት መተዳደሪያ ደንቡ ሲሻሻል አንቀጽ አሥራ አራት ገባ፦ ሙሾ ማውረድ፣ ደረት መድቃትና ፊት መንጨት ክልክል ነው። ምክንያቱ ብዙ ነበር። ካህናቱ ሲመክሩ ኖረዋል፣ የጤና ባለሙያም መጥቶ ስለ ደረት ሕመም አስተምሯል፣ ዘመኑም የሥራ ዘመን ነው ተብሏል። በሙሾው ፋንታ እድሩ ድምፅ ማጉያ ገዛ፤ መዝሙር በፍላሽ። የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ መብራትና ድምፅ መዘርጋት ሥራዬ ነው። ሁለት የድምፅ ሳጥን፣ አንድ ማጉያ፣ ሃያ ሜትር ገመድ። የብርጓል ለአንቀጽ አሥራ አራት እጇን አውጥታለች። መቶ ምናምን ሰው እጁን ሲያወጣ እሷ ብቻ እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ?

ከዚያ ወዲህ ጥጥ እየፈተለች ትኖራለች።

ወንጌላዊት የመጣችባት በዚህ መሃል ነው። ወንጌላዊት የመንግሥት ሠራተኞች ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ሄዳ ኮንቴምፖራሪ የሚሉትን ውዝዋዜ ተማረችና ሁሉም ሰው ወደዚያ ሲሄድ እሷ ወደዚህ ተመለሰች። «ጮቄ» የሚል የውዝዋዜ ቡድን አቋቋመች፤ አራት ተወዛዋዥ፣ አንድ የኪራይ አዳራሽ፣ እና መብራት የምዘረጋላቸው እኔ። ሥራዎቿ ሁሉ ኅብረተሰቡን ይመረምራሉ። አንደኛው «ወንፈል» ይባል ነበር፤ አራት ሰው ማጭድም አዝመራም ሳይኖር አርባ ደቂቃ ያጭዳል። ሁለተኛው «መቶ ፐርሰንት» ነው፤ ወጣቶች በስልክ ቻርጀር ተጠላልፈው ሶኬት ፍለጋ መሬት ለመሬት ይንከባለላሉ። ገመዱን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አንዱ አይሠራም ነበር፣ ለጥበብ ግን አይሠራም የሚባል ነገር የለም።

ያንን ሥራ ጉንደ ወይን ወስደው በገበያ ቀን ሲያሳዩ፣ አንዲት እናት የልጆቹን መንከባለል አይተው ጠበል ይዘው መጡ። እዚህ ማርቆስ ደግሞ አንድ ሰውዬ ትርኢቱ አልቆ መብራት ካበራሁ በኋላ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ እስክስታው በስንት ሰዓት ይጀመራል?» አለኝ። አዳራሹ ሁለት መቶ ሰው ይይዛል። ከሁሉ የበዛው ተመልካች አሥራ አራት ሰው ነበር፤ ስድስቱ የተወዛዋዦቹ ዘመዶች፣ አራቱ ዝናብ ያስገባቸው።

አዲሱ ሥራ ስለ ሐዘን ነበር። ሙሾ ከተከለከለ በኋላ ሐዘኑ የት ሄደ የሚል። ለዚህም እውነተኛ የአልቃሽ ድምፅ አስፈለገ። አንድ ቀን ጠዋት ወንጌላዊት ከተወዛዋዦቿ ሁለቱን፣ የሉማሜውን ልጅ ድረስንና የማርቆሷን ሂዊን አስከትላ የብርጓል ደጅ ደረሰች። መንገድ ያሳየኋቸው እኔ ስለነበርኩ አብሬ ገባሁ።

«እማማ፣ ለሥራችን ድምፅዎን ፈልገን ነበር» አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማን ሞቶባችሁ ነው?»

«ኧረ ማንም አልሞተ። ትርኢት ነው።»

«ማንም ካልሞተ ምን አስለቀሳችሁ?»

ወንጌላዊት ስለዚህ ነገር ብዙ አጥንታለች። «ሟቹ… እንዴት ልበልዎት እማማ… ሟቹ አብሮ የማዘን ባህላችን ነው።»

የብርጓል እንዝርቷን አቆመች። «የማን ልጅ ነው?»

«ማን?»

«ይኼ ሞተ ያልሽው።»

ድረስ ሳቁን በሳል ሸፈነ። «እማማ፣ ሰው አይደለም» አላት።

«ሰው ካልሆነ ምን ቸገረው? አይቀበር፣ ተዝካር አይወጣለት። ስሚኝ ልጄ፤ እኔ ያለ ሟች አላለቅስም። ሰው ሳይሞት ሙሾ ማውረድ ሞትን ና ግባ ማለት ነው። ቤታችሁ ሰው የለም እንዴ? እናት አባት የላችሁም?»

ወንጌላዊት ደብተሯን ዘጋች። ሦስቱም ሊነሡ ሲሉ ሂዊ በሩን እያየች ቀስ ብላ፣ «እኔ አያቴ አለችኝ» አለች። «አምና ነው የሞተችው። መዝሙር ተከፈተ፣ ተቀበረች፣ ሰው ምሳ በልቶ ሄደ። ማንም አላለቀሰላትም።»

የብርጓል ዞር ብላ አየቻት።

«ስሟ ማን ነው?»

«አመተ ሥላሴ።»

«የማን ልጅ?»

እንዲህ ተጀመረ።

የብርጓል የአሠራር ደንብ ቡድኑ ከገመተው በላይ ጥብቅ ሆኖ ተገኘ። አንደኛ፣ ሟቹ በእርግጥ የሞተ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ሳይለቀስለት የተቀበረ መሆን አለበት፤ «የተለቀሰለትን ደግሞ ማልቀስ አፈሩን መቀስቀስ ነው።» ሦስተኛ፣ ከሟቹ ዘመድ አንድ ሰው መገኘት አለበት፤ ለማን ብላ ታልቅስ? እንግዲህ ልምምድ በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ ልምምድ አንድ አዲስ ሟች ያስፈልጋል።

የልምምዱ ፕሮግራም ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ማክሰኞ፦ የድረስ አጎት። ሐሙስ፦ የሂዊ የክርስትና እናት። ቅዳሜ፦ ይፈለግ። ልጆቹ ማታ ማታ ወደየቤታቸው እየደወሉ፣ «ደህና ናችሁ? ማንም የሞተ የለም? ኧረ እንዲሁ ነው፣ ቀደም ብሎም ቢሆን?» እያሉ ሲጠይቁ የድረስ እናት ልጄን ምን ነካብኝ ብላ ከሉማሜ በአውቶቡስ መጣች። እሷም ስትመጣ ከነበሩባት ሟቾች ሁለቱን ይዛ ስለመጣች ቅዳሜና የሚቀጥለው ማክሰኞ ተሸፈነ።

የድረስ አጎት ከሁሉም ያስቸገረ ሟች ነው። ወሰን እየገፋ ሦስት ጎረቤት ያሳሰረ ሰውዬ ነበር፤ ድረስ ራሱ ሊያለቅስለት አልፈለገም። «ለእንዲህ ያለውም ሙሾ አለው» አለችና የብርጓል ነጠላዋን አዘቀዘቀች፦

ድንበር ይገፋ ነበር ሰፊ መሬት ይዞ፣
ዛሬ ክንድ ከስንዝር በቃው ተገንዞ።

ድረስ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ልምምዱ ለአሥር ደቂቃ ተቋረጠ። ወንጌላዊት ይህን ሁሉ በስልኳ ቀረጸችና ቆይታ ስታየው፣ ልጁ ቁጭ ያለበት መንገድ ሁለት ወር ሙሉ ልታስተምረው ስትለፋ የነበረው እንቅስቃሴ ሆኖ አገኘችው።

ትርኢቱን የሚፈቅደው የመንግሥት ሰው ደግሞ የሙሾው ጽሑፍ አስቀድሞ በሦስት ቅጂ እንዲቀርብለት ጠየቀ። የብርጓል የምትለውን የምታውቀው ስትለው ነው። በመጨረሻ በሦስት ቅጂ የቀረበው ወረቀት ላይ «የሟች ስም» ከሚለው ፊት ለፊት ባዶ መስመር ነበረ፤ ማኅተም ተደርጎበት ተመለሰ።

በግንቦት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ሠላሳ አንድ ሰው መጣ፤ ለቡድኑ ይህ ታሪክ ነው። የዕለቱ ሟች የሰፈራችን ልብስ ሰፊ የነበረው ዋኘው ነው፤ ሚስቱ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። የብርጓል ስለ ዋኘው መቀስና ሳይሰፋ ስለቀረ አንድ የትምህርት ቤት ሱሪ ስትጀምር ሴትየዋ ብድግ ብላ ደረቷን ደቃች። ከኋላ የነበሩ ሁለት ተመልካቾች አጨበጨቡላት፤ ተዋናይ መስላቸው ነው። ሦስተኛው ተመልካች የእድራችን አባል ነበር። እሱ አላጨበጨበም። በማግስቱ ከቅዳሴ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሊቀመንበሩ ሄደ።

የእድራችን ሊቀመንበር ሙላት ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ዛሬም ሲናገር ጠመኔ የያዘ ይመስላል። ጸሐፊው ዘመንፈስቅዱስ ነው፤ በስብሰባ ላይ የተባለውን ሁሉ፣ ሳልም ቢሆን፣ የሚጽፍ ሰው። የወሩ መጨረሻ እሑድ በእድሩ ዕቃ ቤት ግቢ ተሰበሰብን። አግዳሚ ወንበሮቹ ወጡ፤ ትላልቆቹ ድስቶች ጥግ ላይ ተደፍተው ነበርና ቦታ ያጡ እነሱ ላይ ተቀመጡ። የብርጓል ፊት ለፊት ለብቻዋ ተቀመጠች። ወንጌላዊት አባል ባትሆንም ምስክር ነኝ ብላ መጥታለች።

«ወይዘሮ የብርጓል» አለ ሙላት፣ «ጥያቄው አጭር ነው። ያንን ቀን ያለቀሱት እውነት ነው ወይስ ጨዋታ?»

አጭር ጥያቄ ነው፤ ግን ወጥመድ ነበር። እውነት ነው ካለች አንቀጽ አሥራ አራትን ጥሳለች፤ ያውም ጡሩንባ ሳይነፋ፣ እድሩ ሳይሰማ። ጨዋታ ነው ካለች ደግሞ በሙት ቀልዳለች፤ ለዚህ ደንቡ አንቀጽ የለውም፣ አንቀጽ ያላስፈለገው ማንም ያደርገዋል ተብሎ ስላልታሰበ ነው። በሁለቱም መንገድ መጨረሻው ከመዝገብ መሰረዝ ነው። ይህን ግቢው በሙሉ ያውቃል።

ወንጌላዊት እጇን አወጣች። «ልናገር? ጥበብ እውነትም ጨዋታም አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለ ክፍተት ነው።»

ዘመንፈስቅዱስ ቀና አለ። «ክፍተት ተብሎ ይጻፍ?»

«እንግዲያው ስትሞት ክፍተቱ ይቅበራት!» አለ ከድስት ላይ የተቀመጠ አንዱ። ተሳቀ። ወንጌላዊት ቁጭ አለች፤ ጆሮዋ ቀላ።

የብርጓል ተነሣች። አልቸኮለችም። «ሳቁ ይብቃ» አለች። «እውነት ነው ያለቀስኩት። አርባ ዓመት አስከሬን ፊት ቆሜ ዋሽቼ አላውቅም፤ ዛሬ እንዳትሰርዙኝ ብዬ አልዋሽም። ዋኘው የእናንተን ሱሪ ሲሰፋ ሞተ፣ እናንተ ደግሞ በሳጥን መዝሙር ሸኛችሁት። አለቀስኩለት። ከቀጣችሁኝ ቅጡኝ። ከሰረዛችሁኝ ግን ዛሬውኑ ንገሩኝ፤ ማን እንደሚሸከመኝ ሰው ለምኜ ልደር።»

ሙላት ወረቀቱን አገላበጠ፤ ድምፅ ወደ መስጠቱ ሊያልፍ ነበር። ከሴቶቹ ወገን ፋንታነሽ ተነሣች። ሰማንያን አልፋለች፤ ሙላትን አንተ የምትል አባል እሷ ብቻ ናት፣ ከእናቱ ጋር ግድግዳ ተጋርታ ኖራለች።

«አንተ ልጅ፣ የእናትህን ለቅሶ ታስታውሰዋለህ?»

«እማማ ፋንታነሽ፣ ከአጀንዳው እንዳንወጣ—»

«አጀንዳህን ተወው! በአዲሱ ደንብ የመጀመሪያዋ ሟች እናትህ ናት። ለአርአያ ይሁን ብለህ አልቃሽ ከለከልክ። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ያ ሳጥን ምን አለ? በል ንገራቸው!»

ሙላት መነጽሩን አወለቀ።

«እልል አለ!» አለች ፋንታነሽ። «የሠርግ መዝሙር! የአመተ ማርያም አስከሬን በእልልታ ወጣ!»

እዚህ ላይ እኔ መሬት መሬት ሳይ ነበር። ፍላሹን የጫንኩት እኔ ነኝ። ሰባት የሐዘን መዝሙር ጭኜ፣ ከስምንተኛው ጀምሮ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ያዘጋጀሁት እንዳለበት ረስቼዋለሁ። ሰባቱ በቂ ይመስለኝ ነበር፤ ካህናቱ ዘገዩ።

የዘመንፈስቅዱስ እስክሪብቶ ቆመ። ሙላት መነጽሩን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ ቆየና፣ ወደ ሕዝቡ ሳይሆን ወደ የብርጓል፣ ጠመኔው በሌለበት ድምፅ፦

«የብርጓል… ሦስት ዓመት አልፎታል። ረፍዷል?»

የብርጓል ወንበሯን ጎትታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ምን ትወድ ነበር?»

«ቃሪያ» አለ ሙላት። ማንም አልሳቀም። «የቃሪያ ስንግ።»

«ምን ጀምራ ሳትጨርስ ሞተች?»

«ለእኔ ጋቢ ትፈትል ነበር። ድሩ አለቀ። ማጉ ቀረ።»

መቶ ምናምን ሰው እየሰማ ሩብ ሰዓት ያህል ጠየቀችው፣ መለሰላት። ከዚያ ሙላት መነጽሩን ሲያደርግ አስተማሪው ተመልሶ መጣ። እድሩ ባላየው ነገር ላይ ሊወስን አይችልም አለ። ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ እድሩ በሙሉ ትርኢቱን ያያል። ጡሩንባ ይነፋል። ስም ይጠራል፤ የቀረ እንደማንኛውም ለቅሶ ይቀጣል። ኮሚቴው እዚያው ይመክራል፤ ውሳኔውም በስም ጥሪው ይታወቃል፣ የየብርጓል ስም ከተጠራ አለች፣ ከታለፈ ተሰርዛለች።

ወንጌላዊት ከግቢው ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ። «ሁሉም ይመጣሉ ማለት ነው?»

«ቅጣት አለዋ።»

«ስለ ማኅበራዊ ግዴታ ሁለት ዓመት ሳስብ ቅጣት የሚባል ነገር አልመጣልኝም» አለች፤ ምሬት ይሁን ምኞት አልገባኝም።

ቅዳሜ ጡሩንባው ሦስት ጊዜ ተነፋ። አባሉ ሁሉ ከነቤተሰቡ ስለመጣ ሁለት መቶ የሚይዘው አዳራሽ ሞልቶ ሰው የእድሩን አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጣ። ንፍሮም መጣ፤ ለቅሶ ነው ከተባለ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። ወንጌላዊት ከመጋረጃው ኋላ ወረቀት ሰጠችኝ፦ ጠቅላላ አሥራ ሁለት ደቂቃ፤ በሦስተኛው ደቂቃ ልጆቹ ይወድቃሉ፣ በሰባተኛው ሰማያዊ መብራት፣ በመጨረሻ ጨለማ። የሥራው ቁም ነገር መውደቁ ነው፤ ስድስት ጊዜ ይወድቃሉ፣ የሚያነሣቸው የለም። ሐዘን ብቻውን የተተወበት ዘመን ማለት ነው። ለዚህ ብለን ወለሉን በኮምፔንሳቶ አልብሰነው ነበር፣ አወዳደቁ እንዲሰማ።

የብርጓል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። የሙላትን እናት የአመተ ማርያምን ስም ጠራች። ከዚያ ጀመረች፦

ድሩን ጨርሳ ማጉ ላይ ስትደርስ፣
ሞት ቀደማት እንጂ ነበር ልታለብስ።

በአዳራሹ ውስጥ ነጠላ ሲገለበጥ ይሰማል፤ መቶ ነጠላ አንድ ላይ ሲገለበጥ ድምፅ አለው። በሦስተኛው ደቂቃ ድረስ ወደቀ፣ ማለቴ ሊወድቅ ሆነ። መሬት ሳይደርስ ከፊት ረድፍ ሁለት ጎልማሶች ዘለው ደገፉት። ሐዘንተኛ ሲወድቅ ቁጭ ብሎ የሚያይ ጎረቤት እዚህ አገር የለም። ድረስ ራሱን አስለቅቆ እንደገና ሊወድቅ ሲል ሦስተኛ ሰው ጨመሩለት። ሂዊን ሁለት ሴቶች በብብቷ ይዘው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ» ይሏታል፤ ከእነሱ ጋር እየታገለች ስትሄድ መድረኩ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እንደ ማዕበል ሄደ። ከስድስቱ አወዳደቅ አንዱም ወለሉን አልነካም።

«መሬት ይንኩ እንጂ!» አለች ወንጌላዊት ከመጋረጃው ኋላ፣ በእንባ መሃል። «ሥራው እኮ የሚያነሣቸው የለም ነው!»

«አሁን አሉ» አልኳት። ሰማያዊውን መብራት ትቼው ነበር፤ በዚያ መሃል ሰማያዊ የሚያይ ሰው አልነበረም።

ሙላት እስከዚያ ድረስ ጉልበቱን ይዞ ተቀምጧል። የብርጓል ወደ እሱ ዞረች፦

ለሰው ልጅ ሁሉ ፊደል ያስቆጠረ፣
ለናቱ ሲሆን ቃል ምነው ቸገረ።

ተነሣ። ጋቢውን አዘቀዘቀና አንቀጽ አሥራ አራት ያረቀቀበት እጁ ደረቱን ደቃ። «እናቴ!» አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ሦስት ዓመት የዘገየ ሰው ድምፅ ነበረው፤ ፋንታነሽ መጥታ በጎኑ ቆመች።

አሥራ ሁለቱ ደቂቃ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ። ቆይቶ ወንጌላዊት ለሌላ ከተማ በጻፈችው ማመልከቻ ላይ ሥራው «የተመልካችን ተሳትፎ የሚመረምር» ተብሏል። በዚያን ሰዓት ግን የመረመረ አልነበረም፤ ንፍሮ ዞረ፣ ሰው ፊቱን ጠረገ፣ ኮሚቴው ከአዳራሹ ጥግ አንገት ለአንገት ተቃቅፎ ተንሾካሾከ። የብርጓል መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ የዘመንፈስቅዱስ መዝገብ ላይ ነበር።

ዘመንፈስቅዱስ መዝገቡን ገለጠ። አባላት በቁጥራቸው ይጠራሉ፤ የእሷ አርባ ሰባት ነው። አንድ ሲል አለሁ፣ ሁለት ሲል አለሁ፣ እየሄደ ሠላሳን አለፈ። አርባ ላይ ሲደርስ ሂዊ ከጎኗ መጥታ እጇን ያዘች። አርባ አምስት። አርባ ስድስት።

«አርባ ሰባት» አለ። «የብርጓል ጥሩነህ።»

አዳራሹ ወደ እሷ ዞረ። አፏን ከፈተች። ድምፅ የለም። አንድ ሰዓት ከሩብ ያወረደችው ሙሾ ጉሮሮዋን ጠርጎ ወስዶታል። እጇን አወጣች።

«በእጅ አይመለስም» አለ ዘመንፈስቅዱስ፣ ከመዝገቡ ሳይቀና። «በቃል ነው። የብርጓል ጥሩነህ?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ጭው ያለ ትንፋሽ ወጣ።

«ቀሪ» ብሎ ጻፈ።

«እንዴ!» ወንጌላዊት መድረኩ ላይ ዘለለች። «ይህን ሁሉ ሰዓት ፊታችሁ ቆመው እየጮሁ እንዴት ቀሪ ይባላሉ? ጋሽ ሙላት!»

ሙላት ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ደንቡን ግን ያውቀዋል። «በቃል ነው የሚለው» አለ። «አርባ ስምንት።»

ወንጌላዊት ገና ልትከራከር ነበር። የብርጓል ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት፤ ፊቷን ሳየው በሦስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ በርቶ አላየሁትም። ድምፅ ስለሌላት በጣቷ መዝገቡን አሳየቻት፣ ቀጥሎ ራሷን።

ሰኞ ማለዳ የእድሩ ዕቃ ቤት ሳይከፈት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዘመንፈስቅዱስ ቁልፉን ይዞ ሲመጣ የቅጣቱን ብር ከመቀነቷ ፈታ ዘረጋችለት።

«ምን አጣደፈሽ፣ በወር መጨረሻ ይደርስ የለም ወይ?» አላት።

በሹክሹክታ መለሰችለት፤ ጆሮውን ማስጠጋት ነበረበት። «አባል ያልሆነ ይቀጣል?»

«አይቀጣም።»

«እንግዲያው ደረሰኝ ጻፍልኝ። ስሜንም ቁጥሬንም አድርግበት።»

ጻፈላት፤ አርባ ሰባት፣ የብርጓል ጥሩነህ፣ ከለቅሶ በመቅረት። ማኅተሙን መታበት። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ወስዳ አየችውና መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ማኅተሙ ደብዝዟል» አለች። «ድገመው።»